አጥር ላይ የተሰቀለው ደብተር

የሥነ ጥበብ ተማሪው የመመረቂያ ሥራ ባዶ ደብተር ነበር። ማለዳ ከአንድ የተዘጋ መጋዘን አጥር ላይ ከነእስክሪብቶው አንጠለጠለው። ሽፋኑ ላይ «መንገደኛ ሆይ፣ አንድ ነገር ሣል፤ ቀጣዩ ሰው ይቀጥልበታል» ብሎ ጽፎበታል። መምህሩ «ደብተር የማይተዋወቁ ሰዎችን ያገናኛል ያልከውን በዓይኔ ካላየሁ አላሳልፍህም» ብለውታል፤ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲመለስ አጥሩን ተከትሎ ረጅም ሰልፍ ቆሟል። ደብተሩን ገለጠ። አንድም ሥዕል የለም። ከአንድ እስከ ዘጠና ሦስት ተራ ቁጥርና ስም ብቻ ተደርድሯል።

«አንተ! ደብተሩን ልቀቅ!» አሉ አንደኛ የተመዘገቡት ወይዘሮ ዘርፌ።

«እትዬ፣ የእኔ እኮ ነው።»

«ዘግይቶ የመጣ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ተመዝገብና ከኋላ ቁም!»

«ግን ምን ለማግኘት ነው የተሰለፋችሁት?»

«እሱን ሲከፈት ይነግሩናል።»

ከኋላቸው አንዲት እናት ልጇን ለማታውቀው ሰው አሳቅፋ ጫማዋን ታስራለች። ሁለት ሽማግሌዎች የአንድ አገር ልጆች ሆነው ተገኝተው ይሳሳማሉ። ተማሪው ግን አንዲት አበባ እንኳ ባገኝ ብሎ ገጾቹን ሲያገላብጥ መምህሩ ደረሱ።

ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ደብተሩን ከእጁ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ተማሪው ዓይኑን ጨፈነ።

መምህሩ እስክሪብቶውን አንስተው ዘጠና አራተኛው ተራ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«የፈተናው ነገር ይቆየን። የሚሰጡት ዘይት ነው ስኳር?»