በአስላክ ጣሪያ ላይ የወረደው ቅስት

አስላክ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰማይ ላይ የሚውለበለበውን የሰሜን ብርሃን ፎቶ ማንሳት ከጀመረ ዘንድሮ አሥራ አንድ ክረምቱ ነው። ከብርሃኑ ጋር አልፎ አልፎ ብቻ የሚታየውን ቀጭን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቅስት ግን አንድ ቀን እንኳ አላገኘውም። ጎረቤቱ ሪስቲን በተራ ስልኳ በአንድ ወር ሦስቴ አነሳችው፤ ጋዜጣም አወጣላት። ሦስቱንም ቀን እሱ ሩቅ ተራራ ላይ ነበር። ጋዜጣውን በደንብ ሳያየው ምድጃ ውስጥ ከተተው።

"ፊትህ እኮ የተበላሸ ወተት መሰለ" አለችው ሪስቲን። "ቅስቱ የሚወርደው ያንተው ጣሪያ ላይ ነው። ና፣ ከእኔ ደጅ ሆነህ አንሳው።"

በዚያ አገር በክረምት ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም፤ ከጠለቀች ወር አልፏታልና ቀትሩም ጨለማ ነበር። አስላክ እናቱ የሠራችለትን ቀይ ቆብ ደፍቶ፣ ቤቱን ቆልፎ፣ መንገዱን ተሻገረና ካሜራውን ደጇ ላይ ተከለ። ቅስቱ ብዙም ሳይቆይ መጣ፤ እንዳለችውም በእሱ ጣሪያ ላይ ወረደ። አነሳው። ደስታው ሊያስፏጨው ሲል ሪስቲን ክንዱን ያዘችው።

"ተው፣ ብርሃኑ ሥር አይፏጭም፤ ያፏጨን ሰው ወርዶ ይወስደዋል ይባላል። እግዜርም አይወደውም።"

አፉን በመዳፉ ይዞ ፎቶውን ከፈተ። በቆለፈው ቤት ደረጃ ላይ ቀይ ቆብ የደፋ ሰው ካሜራ ወደ እነሱ አዙሮ ቆሟል።

"ይሄ ማነው?"

"አንተ ነሃ" አለች ሪስቲን ጎንበስ ብላ እያየች። "በሦስቱም ፎቶዬ አለህ። ተራራ ሄድኩ እያልክ ደጅህ ቆመህ ስታየኝ፣ ቀንቶብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ..."

ቀና ብላ አጠገቧ የቆመውን አስላክን አየችው። መዳፉ አሁንም አፉ ላይ ነው።

ከማዶ፣ ከደረጃው ላይ፣ ፉጨት ተሰማ።