ሐይቁ መሃል የተፈታው ካርቡሬተር

«አባዬ፣ አስራ አንድ ሰው ልትጨርስ ነበር እኮ!»

መካኒኩ ነው... አባቱ ላይ የሚጮኸው።

የጀልባዋ ገመድ ገና አልታሰረም። ተሳፋሪዎቹ እየተደጋገፉ አንድ በአንድ ይወርዳሉ... አንዷ እናት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች።

ሞተሩ ሐይቁ መሃል ጠፍቶ፣ ንፋሱ ወደ ቋጥኙ ሲገፋቸው ነው የቆየው።

«ከትናንት ወዲያ እኮ ካርቡሬተሩን አጥቤ፣ አስነስቼ ነው የሰጠሁህ! ምን አድርገኸው ነው?»

አባት እጃቸው እስከ ክርናቸው ቤንዚን በቤንዚን ሆኗል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቤንዚኑን ሳላጣራ ቀዳሁት መሰለኝ... ቆሻሻ ገባበት።»

«መሰለኝ?! ስንቴ ነው የምነግርህ? ካልቻልክ ለምን አርፈህ ቤትህ አትቀመጥም?»

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ... የጀልባ ነጂዎች ማህበር ሊቀመንበርም ሰማ።

አባት ካቻቢቴያቸውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ሄዱ።

ሰላሳ አንድ ዓመት ሰው ያሻገሩ ሰው... በዚያው ሳምንት መንገደኛ እንዳይጭኑ ተከለከሉ።

ይህን የነገረኝ መካኒኩ ራሱ ነው። «ስሜን ተወው፣ ጥፋቴን ግን አንዲት ሳታስቀር ጻፍልኝ» ብሎኛል።

ከዚያ በኋላ የሱ ጋራዥ በሥራ ጢም አለ። አባት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የጎረቤት ወንበር ይጠግናሉ።

እውነቱን ለመናገር... ልጅ ብዙም አልከነከነውም። «አርጅቷል፣ ማረፉ ይሻለዋል» ይል ነበር።

ሰባት ወር አለፈ።

አንድ ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ የሱቋን ጄኔሬተር ይዛ መጣች። እሱ መፍታት ሲጀምር ትኩር ብላ አየችው።

«የጀልባ ነጂው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«አባትህ ደህና ናቸው? ያን ቀን እኮ አጠገባቸው ነበርኩ... ብሎኖቹን በቀሚሴ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

«የምን ብሎን?»

«የሞተሩ ነዋ! ሰው ይጮሃል፣ ጀልባዋ ትወዛወዛለች... እሳቸው ‹አይዟችሁ ልጆቼ› እያሉ እዚያው ውሃው ላይ ፈቱት። አንዷ ብሎን ብትወድቅ አልቆልን ነበር።»

«እና... ቆሻሻ አገኘ?»

«ምን ቆሻሻ? ነዳጅ ከምታሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ ክር አወጡ እንጂ! እኔ ደግሞ ክር አይጠፋኝም። ሰማያዊ የጨርቅ ክር ነው። ቀዳዳዋን በአፋቸው እፍ ብለው መልሰው ገጠሙት... የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሦስቴ ሲስቡት ተነሳ።»

ድንገት ጎንበስ አለች።

ዓይኗ እጁ ላይ ነው። እጁ ላይ ያለው መጥረጊያ... የአሮጌ ቱታው ቅዳጅ ነው። ሰማያዊ።

«‹ምንድነው እሱ አባት?› ስላቸው፣ ‹ልጄ አደራሽን፣ ለሰው እንዳታወሪ። መካኒኩ ልጄ የሚኖረው በእጁ ሥራ ነው፣ አንዴ ስሙ ከጠፋ ማን ያምነዋል?› አሉኝ። እኔ እኮ... አንተ የምታውቅ መስሎኝ ነው።»

መካኒኩ ክው አለ።

ካርቡሬተሩን ያጠበበት ቀን ትዝ አለው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆ ነበር። ስልኩን በትከሻው ይዞ እያወራ... ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ውስጡን በዚያው ጨርቅ ጠረገው።

ክር የሚለቅ ጨርቅ ካርቡሬተር ውስጥ አይገባም። ይህን ለሌላው የሚያስተምረው እሱ ነው!

አባቱ «ጭነት ጭነን መሃል ድረስ ወስደን እንሞክረው» ብለውት ነበር።

«አባዬ፣ ሠርቷል አልኩህ እኮ!» ብሎ፣ ዳር ላይ ሁለት ደቂቃ አስነስቶ ሄደ።

ቀዳዳው የተዘጋ ሞተር ዳር ላይ ቀስ ብሎ ሲሠራ ጤነኛ ይመስላል። የሚክደው ሰው ጭኖ ጉልበት ሲጠየቅ ነው።

ጄኔሬተሩን እንደተፈታ ትቶ ወጣ። ሴትየዋ ስትጠራው አልሰማትም።

አባት በረንዳው ላይ የወንበር እግር በኮላ እያጣበቁ ነበር።

«አባዬ... ክሩ የኔ ነው።»

ቀና አላሉም።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?!»

«ልነግርህ ነበር... ለብቻህ። ስትመጣ አይቼህ፣ ጥግ ወስጄ ‹ልጄ ሁለተኛ እንዳትቸኩል› ልልህ አስቤ ነበር። አንተ ግን ቀደምከኝ... ሰው ሁሉ እየሰማ ጀመርክ። እኔ ደግሞ አንተን ሰው ፊት ላሳፍርህ?»

ልጅ እግራቸው ስር ተደፋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ተመኘ።

በማግስቱ የማህበሩ ስብሰባ ላይ ተነሳና ሁሉንም ተናገረ። ጨርቁን፣ ስልኩን፣ ሁለቷን ደቂቃ።

ለጥገና የሰጡት ሁለት ሰዎች እዚያው «ሞተራችንን መልስልን» አሉት። መለሰላቸው።

ሊቀመንበሩ ራሳቸው አባት ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። «ከነገ ጀምሮ ይጫኑ» አሏቸው።

አባት አመሰገኑ። ጠዋት ጀልባቸው ላይ ወጡ፣ መሪውን ያዙ...

እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ይቅርብኝ ልጄ» አሉ ሲወርዱ። «ሰባት ወር ሙሉ አልችልም ማለትን ስለምድ ከረምኩ።»

አሁን ልጅየው በየእሁዱ አባቱን ይዞ በባዶ ጀልባ ሐይቁ ላይ ይወጣል። አንዳንድ ቀን መሪውን ትንሽ ይይዛሉ... አንዳንድ ቀን እምቢ ይላሉ።

እስካሁን አንድም መንገደኛ አልጫኑም።

ወዳጆቼ... ሳናጣራ ሰው ፊት የምናዋርደው ሰው፣ ምናልባት የኛኑ ጥፋት ተሸክሞልን ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። ይቅርታ እናገኝ ይሆናል... የሰበርነውን ልብ ግን መልሰን ለመግጠም ዕድሜያችን ላይበቃ ይችላል።

እናንተስ... ጥፋታችሁን ችሎ ዝም ያለላችሁ ሰው አለ? እውነቱን ነገራችሁት... ወይስ እስከ ዛሬ ፊቱን ማየት እየፈራችሁ ነው? ኮመንት ላይ አውጡት... 👇