የደሴ ብርድ

ሱሀይላ የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ የበሩን መቀርቀሪያ ስትይዝ አማቷ ክንዷን ያዙት። ልጁ ከንጋት ጀምሮ እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል እያሳለው፣ አየር ሲስብ ጉሮሮው ሲጥ ይል ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በስልክ፣ «አታስለቅሱት፣ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ ቀዝቃዛ አየር ያግኝ፤ ካልተሻለው ቶሎ አምጡት» ብላት ነበር።

«ወላሂ አይከፈትም!» አሉ አማቷ። «አንቺ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የደሴን ብርድ የት ታውቂውና! እንጥሉ ወርዶ ነው፤ እንጥል ቆራጯን አስጠርቻታለሁ።»

«እማ፣ ይቆጡኝ፤ ጉሮሮውን ግን ማንም በምላጭ አይነካውም» አለች ሱሀይላ፣ ልጁ እንዳይደነግጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። በሩን ከፍታም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ልጁ ደጋግሞ ሳለ። ቆይቶ ሲጥ ማለቱ እየቀነሰ ሄደ፤ ራሱን ደረቷ ላይ ጣል አድርጎም ያለ ድምፅ ይተነፍስ ጀመር።

አማቷ ከኋላዋ ቆመው ትንፋሹን ሲያዳምጡ ቆዩ። «የበኩር ልጄም እንዲህ ነበር የሚያስለው» አሉ በመጨረሻ። «አስቆረጥኩት፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። እስከ ዛሬ፣ ቆራጯን ዘግይቼ ስለጠራሁ ነው የሞተብኝ እል ነበር።»

ሱሀይላ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻቸውና ልጁን ጭናቸው ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠችላቸው። አማቷ ጋቢያቸውን እስከ ደረቱ ድረስ ብቻ አለበሱት፤ ፊቱን ለብርዱ ተዉለት።