የአጎት ላዝሃር ፊርማ

ራውዳ በአትክልትና ፍራፍሬ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ የአርባ ሦስት ተባዮችን ስም በቃሏ ትወጣለች። የተምር ዛፍ ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። ኮሌጁ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም ነበር። ከአስተማሪዎቹም መካከል ወጥቶ የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻው ዓመት ግን አንድ ሕግ አለ። ተማሪው ከአበባ ጀምሮ ተምሩ እስኪቆረጥ ድረስ አንድ ባለሙያ ዘንድ ይሠራል፤ ሲጨርስ ባለሙያው ወረቀት ላይ ይፈርምለታል። ፊርማ ከሌለ ዲፕሎማ የለም። ዲፕሎማ ከሌለ ደግሞ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ለራውዳ የያዘላትን ሥራ ለሌላ ይሰጣል። ሌላ ሰው ደግሞ በቶዘር ከተማ ሞልቷል።

ለራውዳ የደረሷት አጎት ላዝሃር ነበሩ። አርባ ዓመት ዛፍ ሲወጡ የኖሩ፣ አገሩ ሁሉ እጃቸው የተባረከ ነው የሚላቸው ሰው።

በመጋቢት አንድ ጠዋት እርሻው ውስጥ ገብታ ፊታቸው ቆመች። አጎት ላዝሃር አህያቸው አጠገብ ተቀምጠው ገመድ ይጎነጉናሉ። ሰላም ሊሏት ቀርቶ ቀና እንኳን አላሉም። ራውዳ ጥቂት ጠብቃ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ማነው?»

«ከኮሌጁ ነኝ አጎቴ። ራውዳ እባላለሁ።»

«አሃ፣ መሐንዲሷ። እኔ ዘንድ እንደ ድመት አይገባም። ስትመጪ ድምፅሽን አሰሚ።»

የተቆጧት ሴት ተማሪ ስለላኩባቸው እንደሆነ ወዲያው ገባት። ኮሌጅ የተማረ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይገባዋል።

አጎት ላዝሃር ተነስተው የመጀመሪያውን ዛፍ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «በይ ውጪ።»

«እኔ? መጀመሪያ እርስዎ ያሳዩኝ እንጂ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ዲፕሎማው ለማን ነው የሚሰጠው?»

ወጣች። የወንዴውን አበባ እየሰነጠቀች ሴቴው ዘለላ ውስጥ ትሰካለች፣ በቅጠል ታስራለች፣ እሾሁ እጇን ይወጋታል። እሳቸው ከታች ሆነው ይጠይቃሉ፦ «ስንት ዘለላ አወጣ? ተከፍቷል? ቀለሙስ?» ፈተና ያለቀ መስሏት ነበር። አንድ በአንድ እየቆጠረች ትመልሳለች። አንድ ቀን ከኮሌጁ የአበባ ዱቄት በጠርሙስ ይዛ መጣች። አጎት ላዝሃር በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይሄ የአምና ነው። ወጥ ውስጥ ጨምሩት በያቸው።»

እናቷ በየቀኑ ትደውላለች።

«ስንት ሜትር ነው?»

«አሥር።»

«ወድቀሽ አንገትሽ ቢሰበር ኮሌጁ ይቀጥልልሻል?»

«እማ፣ አሁን ዛፍ ላይ ነኝ።»

«ዛፍ ላይ ሆነሽ ስልክ ታነሻለሽ?»

በጋው እንዲህ አለፈ። ራውዳ ዘለላ ታሳሳለች፣ ታስራለች፣ ትሸፍናለች። አጎት ላዝሃር ጥላ ውስጥ ሆነው ገመድ ይጎነጉናሉ። ተቀምጠው ቢውሉም ግን ምንም አያመልጣቸውም። አንድ ቀን ቅጠል ላይ ማጭዷን ስታሳርፍ አንገታቸውን ሳያቀኑ «አረንጓዴውን ቆረጥሽው፤ ደረቁን ነው ያልኩሽ» አሏት። እውነትም አረንጓዴ ነበር። ይሄ ሽማግሌ አናቱም ላይ ዓይን አለው አለች በሆዷ።

ሻይ ራሳቸው ይቀዳሉ። ሲቀዱ አመልካች ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ይነክራሉ። ራውዳ በንጽሕና አጠባበቅ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ናት፤ ሻዩን ስድስት ወር ሙሉ አሸዋው ላይ ስትደፋ ከረመች።

አንዴ ማጭዷን መንገድ ላይ ረስታ እሳቸው ረግጠውት ሊወድቁ ነበር።

«ኮሌጁ ዕቃ ቦታው መመለስ አያስተምርም?»

የምትመልሰው ጥሩ መልስ ነበራት። ፊርማው ትዝ አላትና ዋጠችው።

ማታ እሷ እሾህ ከእጇ እየነቀለች ትሄዳለች፤ እሳቸው እጃቸውን ከአህያይቱ ጀርባ ሳያነሱ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ጎን ለጎን ወደ ቤት ይሄዳሉ። ራውዳ ይህንንም አልረሳችም። ለእርሻው ባለቤት ለሲ ኑሪ ደብዳቤ ጽፋ ኪሷ ከትታለች፦ «አጎት ላዝሃር ዘንድሮ አንድም ዛፍ አልወጡም። ደመወዝ የሚበሉት በተማሪ ጉልበት ነው።» ሲ ኑሪ አምና ጉልበቱን ያመመውን ሌላ ሠራተኛ «ለሚቀመጥ ሰው አልከፍልም» ብሎ በዚያው ሳምንት አሰናብቶታል። ደብዳቤው የሚሰጠው ግን ከፊርማው በኋላ ነው። ሞኝ አይደለችም።

በጥቅምት ተምሩ ተቆረጠ። እንደዚያ ያለ ተምር ከታየ ቆይቷል። ሲ ኑሪ ከሣጥኖቹ አንዱን ከፍቶ አንድ ቀመሰና ጣቱን ላሰ።

«ላዝሃር፣ ዛፍ ላይ እንዳንተ ያለ ሰው የለም።»

«አላህ ይመስገን» አሉ አጎት ላዝሃር፣ ምንም ሳያፍሩ።

ራውዳ ከንፈሯን ነከሰች። ወረቀቱን አውጥታ ፊታቸው ያለው የሣጥን ክዳን ላይ ዘረጋችው፣ ብዕሩን ሰጠቻቸው። ሌላው እጇ ኪሷ ውስጥ ደብዳቤውን ይዟል።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ አጎቴ።»

«መሐንዲሷ ቸኩላለች» አሉና ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ያለ እኔ ኮሌጁ ምን ያደርግ ነበር?»

ሲ ኑሪ ሳቀ። አጎት ላዝሃርም እየሳቁ፣ ብዕሩን ለማስተካከል እጃቸውን ከወረቀቱ አነሱ። ነፋስ መጣ። ወረቀቱ ከክዳኑ ላይ ተንሸራቶ ራውዳ እግር ሥር ወደቀ።

አጎት ላዝሃር ጎንበስ ብለው፣ ባዶው የሣጥን ክዳን ላይ ስማቸውን በጥንቃቄ ጽፈው ጨረሱና «ይኸው፣ ዲፕሎማሽን ያዢ» አሏት።