የተራራው ሰዓት

የከተማው የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ አለቃ በየጠዋቱ ሰዓቱን ከተራራው ጣቢያ ሰዓት ጋር ያስተካክል ነበር። እሱና የተራራው ባለሙያ የአንዲቱን ሳተላይት ምልክት በአንድ ቅጽበት ይይዙና "እኩል ነን" እስኪባባሉ ድረስ በስልክ ይነጋገራሉ።

አንድ ቀን የተራራው ባለሙያ ደረቱን ሲያመው መኪና እንዲላክለት ለመነ። ለአለቃው ከምሳ የሚቀድም ነገር የለምና "ትንሽ ጠብቅ" ብሎት ሄደ። ሰውየው እንደጠበቀ ሞተ። ጣቢያው ተዘጋ፤ መብራቱም ስልኩም ተቆረጠ።

ዛሬ ጠዋት የተራራው የስልክ መስመር ጠራ።

"ጋሼ፣ ሳተላይቷን ይዣታለሁ። እርስዎስ?"

ድምፁ የሟቹ ነው። አለቃውን ልማድ ቀደመውና "ይዣታለሁ" አለ።

"እንግዲያው እኩል ነን።"

አለቃው ደረቱን ጨምድዶ ያዘ። "መኪና... መኪና ጥራልኝ፣ ወንድሜ።"

"ትንሽ ይጠብቁ፣ ጋሼ።"