እንጆሪ የሚሸተው መድኃኒት

ዶክተር ኢህሳን የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ማሙሽ አልጋው ላይ እንደተንጋለለ የገዛ ደረቱን ያያል። ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ፣ የክረምት ጭጋግ እንደወረደበት መንገድ ነጥቷል።

«ሳንባ ነቀርሳ አይደለም» ትላለች። «የሳንባ ምች ይሆናል ብለንም አምስት ቀን ሙሉ መድኃኒት ሰጠንህ፤ ጭጋጉ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።» ፎቶውን አውርዳ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። «ማሙሽ፣ የምታጨሰው ነገር አለ?»

የኦክስጅኑ ማስክ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖታል። ሳይመልስ እናቱ ትቀድመዋለች።

«ኧረ በወላዲተ አምላክ፣ ዶክተርዬ» ትላለች ወርቅአፈራሁ። ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥታ ገና መድረሷ ነው፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። «የኔ ልጅ? ታክሲ ውስጥ ሲጋራ የሚሸት ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ወርዶ በእግሩ የሚሄድ ልጅ እኮ ነው።»

«እሱ ይመልስልኝ፣ እናቴ።»

«ይመልሳ። አፉን የዘጋችሁት እናንተ።»

ዶክተሯ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታው ግን አይቆይም። ማሙሽ እናቱን ያያል። ከዚያ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል።

«ሃያ ሁለት ዓመትህ ነው» ትላለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ይህን ሳንባ ምን እንዳቃጠለው ካላወቅሁ የምሰጥህ ሁሉ ግምት ነው። ለግምት ደግሞ ጊዜ የለንም። ኦክስጅኑን ትናንት ጨመርን፣ ዛሬም ጨመርን።»

«አስሙ ነዋ» ትላለች እናቱ አቀርቅራ። «ከኔ ነው የወረሰው። ሁለት ዓመት አለፈው።»

«አስም? ካርዱ ላይ የለም።»

«ለሰው አይናገርም፤ ዓይን አፋር ነው። የሚስበው መድኃኒት ግን አለው።»

«የትኛውን መድኃኒት? እስቲ ያሳዩኝ።» በዚህ መሐል ነርሷ በበሩ ብቅ ብላ ዶክተሯን ትጠራታለች። «ያዘጋጁልኝ፣ አሁን እመለሳለሁ» ብላ ትወጣለች።

ማሙሽ ዓይኑን ይጨፍናል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ከውኃው ሮቶ ሥር ቆሞ ነጭ ጭስ በአፍንጫው ሲያወጣ ነበር እናቱ የደረሰችበት። ቬፑን፣ ያቺን በባትሪ የምትሠራ ማጨሻ፣ ለመደበቅ አልቻለም። «የትንፋሽ መድኃኒት ነው» አላት። ለዚያች ቀን ብቻ እንድታልፍለት ነበር። እሷ ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ይህንን ደዌ ለልጄም አወረስኩት» እያለች፣ ይቅር በለኝ አለችው። ከዚያ ወዲያ እውነቱን በየት በኩል ይንገራት?

ጦር ኃይሎች፣ ስልክ በሚጠግንበት ሱቅ፣ ጓደኞቹ ሲሰጡት እንፋሎት ነው ብለውት ነበር። ሲጋራ አይደለም፣ ጣዕም ያለው እንፋሎት ነው። እሱም ደስ ብሎት አመናቸው።

እናቱ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ትፈታለች። ቀጭኗ ሮዝ ዕቃ ከውስጥ ትወጣለች፤ ተወልውላ ታበራለች።

«ትራስህ ሥር ጥለሃት መጥተህ» ትላለች። «አምስት ቀን ያለ መድኃኒት። እንዴት አይብስብህ? ማታ መብራት እንደመጣ ከስልኬ በፊት እሷን ነው የሰካሁት።»

ማሙሽ እጁን ያነሣል። ጣቱ ላይ የተቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ገመድ ይይዘዋል።

ወርቅአፈራሁ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ደረቷ ሲር ሲር ይላል። «ይህ ደረጃ ገደለኝ» ትላለች። ከዚያ እንደ ልጅ ታፍራለች። «እንግዲህ እንዳትቆጣኝ። የኔዋ ሰማያዊ የአስም መንፊያ ካለቀች ፋርማሲው ሁሉ የለም ይለኛል። አንተ ስትተኛ ካንተዋ እየሳብኩ ነው የከረምኩት። መጀመሪያ አሳለችኝ፣ ኋላ ግን ለመድኳት። አሁንማ እሷን ሳልቀምስ ከአልጋዬ መነሣትም አቅቶኛል። ሽታዋስ ቢሆን? እንጆሪ። የኔዋ ብረት ብረት ነው የምትለው።»

በላይዋ ላይ ታማትባለች። ከዚያ ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በረጅሙ ትስባለች። አውራ ጣቷ ቦታውን ያውቃል። ጭሱ በአፍንጫዋ ሲወጣ እሱ እንደሚያወጣው አድርጋ ነው የምታወጣው፤ ቀስ ብላ፣ አገጯን ወደ ታች ሰብራ።

«እማ» ይላል ማሙሽ። ማስኩ በትንፋሹ ይደፈናል።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ናፍቃሃለች።»

አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ የዕቃዋንም አፍ ትጠርጋለች። በግራ እጇ ማስኩን አንሥታ አገጩ ላይ ታወርድለታለች። ከአምስት ቀን በኋላ አፉ ነጻ ይሆናል። መናገር የሚፈልገው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። አሁን ከተናገረ ዶክተሯም ታውቃለች፣ እናቱም ትተርፋለች። በኮሪደሩ የዶክተሯ ኮቴ እየቀረበ ይመጣል።

አፉን ይከፍታል። እናቱ ለመናገር የከፈተው አልመሰላትም።

ጫፏ ምላሱን ይነካዋል። የእንጆሪው ሽታ ከቃሉ ቀድሞ ጉሮሮው ውስጥ ይገባል። ማሙሽ እናቱን ያያል፤ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ከንፈሩ ግን በራሱ ጊዜ ይዘጋል።

ትንሿ አረንጓዴ መብራት ትበራለች።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ትላለች እናቱ፣ ማስኩን በሌላው እጇ ይዛ፣ ስቦ እስኪጨርስ እየጠበቀችው።