እየሻረ ነው

መምህር መርሻ ስኳር በሽታ ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። ጅግጅጋ ሐኪም ቤት ወረፋ መጠበቅ ሲሰለቸው፣ የግራ እግሩን ቁስል በየጠዋቱ ፎቶ እያነሳ ስልኩ ላይ ላለው የጤና አማካሪ ሮቦት መላክ ጀመረ።

«ቁስሉ እየሻረ ነው» ይለዋል ሮቦቱ ሁልጊዜ።

ሚስቱ ንጋቷ ግን ፋሻውን ስትፈታ ግማቱ እስከ ደጅ ይደርስ ነበር። መግሉ ጣቶቿ ላይ ሲዝለገለግ ትንፋሿን ትይዛለች።

«ኧረ በማርያም! ይሄ የሚሽር ቁስል ነው?»

«አንቺ ከእሱ ይበልጥ ታውቂያለሽ?»

ጣቶቹ ጠቁረው ትል ሲወጣባቸው በባጃጅ ጭና ሆስፒታል ወሰደችው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የተቆረጠውንም በላስቲክ አስጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ አስቀበረችው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ንጋቷ ለቁርስ ፉል እያቀረበች ሳለ የመርሻ ስልክ ጮኸ። ሮቦቱ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት የላኩት ፎቶ ደርሶኛል። ቁስሉ እየሻረ ነው።»

«ደግሞ ምን ላክህለት?» አለች ንጋቷ፣ ፊቷን አጨማዳ።

«ምንም! ስልኩን ከነካሁት እኮ ሰንብቻለሁ።»

ንጋቷ ፎቶውን ከፈተችው። ግራ እግር ነው። የጠቆሩት ጣቶች እርጥብ አፈር ለብሰዋል፤ በመካከላቸው ነጫጭ ትሎች ተርመስምሰዋል። ከተቆረጠበት በኩል ግን ቀይ ለጋ ሥጋ አቆጥቁጦ፣ ጉልበት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።